የሾትገንን ሴፍቲ ለግራኝ ተኳሽ እንዴት መለወጥ እንደሚቻል

እ.ኤ.አ. በ1950 የተዋወቀውና ከ10 ሚሊዮን በላይ የተመረተው የአሜሪካው ሬሚንግተን 870 ሾትገን፣ ሴፍቲው (ጠመንጃው ሳይታሰብ እንዳይተኩስ የሚያግደው መቆለፊያ) ከቃታው ጀርባ ያለ፣ ከጎን ወደ ጎን የሚገፋ የብረት ቁልፍ ነው። ቁልፉ በቀኝ በኩል ወጥቶ ሲታይ ጠመንጃው ተቆልፏል፤ ወደ ግራ ሲገፋ ቀይ ቀለበቱ በግራ በኩል ይታያል፣ ጠመንጃውም ለመተኮስ ዝግጁ ይሆናል። ቀኝ እጁን የሚጠቀም ሰው ይህን በሌባ ጣቱ ሳይቸገር ያደርገዋል። ግራኝ ግን ቁልፉን ለመግፋት አያያዙን መለወጥ ይኖርበታል፤ ይህም ወፍ ከፊቱ ብድግ ባለችበት ቅጽበት ከማዘግየቱ በላይ፣ ጣት ወደ ቃታው እንዲንሸራተት ዕድል ይሰጣል።

ወደ ሥራው ከመግባት በፊት የእጅዎ ጠመንጃ ምን ዓይነት እንደሆነ ይመልከቱ። ሞስበርግ 500ን የመሳሰሉት ሴፍቲያቸው ከላይ፣ በአውራ ጣት የሚገፋ በመሆኑ ለሁለቱም እጆች እኩል ያገለግላሉ፤ ምንም የሚለወጥ ነገር የላቸውም። እንደ ዊንቸስተር ኤስኤክስ4 ባሉት ደግሞ ፋብሪካው ራሱ ቁልፉን ለማዞር እንዲቻል አድርጎ ስለሠራው የመመሪያ መጽሐፉን መከተል ይበቃል። በሬሚንግተን 870 ግን የነበረውን ቁልፍ ገልብጦ መክተት አይሠራም፤ ለግራ እጅ ተብሎ የተሠራ ሌላ ቁልፍ፣ ከጠመንጃው ሞዴልና ጌጅ (የአፈሙዙ ቀዳዳ ስፋት) ጋር የሚስማማ መሆኑ ተረጋግጦ መገዛት አለበት። አሮጌውን ቁልፍ በሞረድ እየሞረዱ ለማስማማት መሞከር በፍጹም የማይገባ ነው፤ ያ ቁልፍ ቃታውን የሚያግደው በገጹ ቅርጽ ስለሆነ፣ ትንሽ ብረት ከላዩ ሲነሣ ተቆልፏል ተብሎ የታመነው ጠመንጃ ሊተኩስ ይችላል።

የመጀመሪያው እርምጃ ጠመንጃውን ባዶ ማድረግ ነው። አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት አቅጣጫ አዙረው፣ ሴፍቲውን ቆልፈው፣ ፓምፑን (በፊት በኩል ወደ ኋላና ወደ ፊት የሚንሸራተተውን እጀታ) ወደ ኋላ ይሳቡና ጥይቱን ከመጉረሻውም ከካዝናውም ያውጡ። በዓይን ማየት ብቻ ስለማይበቃ መጉረሻውንና የካዝናውን አፍ በጣትዎ ይዳስሱ፤ ከዚያም ጥይቱን በሙሉ ሌላ ክፍል ያስቀምጡት።

ቀጥሎ ፓምፑን ወደ ፊት ገፍተው ይዝጉ። ከቃታው በላይ የቃታውን ክፍል ከጠመንጃው አካል ጋር የሚያያይዙ ሁለት ፒኖች አሉ። በልካቸው በሆነ ፒን ማስወጫ ቀስ ብለው እየመቱ ያስወጧቸው፤ ከዚያ የቃታውን ክፍል ከኋላ በኩል አንሥተው ወደ ኋላ በመሳብ ያውጡት። መቺው (ቃታው ሲሳብ ወድቆ ጥይቱን የሚያስተኩሰው ብረት) እንደተቀባበለ ስለሚወጣ ቃታውን አይንኩ፤ ከጠመንጃው ውጭ ከተለቀቀ የሚያርፍበትን ብረት ይጎዳል፣ ጣትንም ይመታል።

አሁን ጥንቃቄ የሚጠይቀው ክፍል መጣ። ከሴፍቲው ቁልፍ በላይ፣ በጎን የገባ ቀጭን ፒን ይታያል፤ ከሥሩ ሞላ፣ ከሞላው ሥር ደግሞ ቁልፉን በቦታው የምታቆም ትንሽ የብረት ኳስ አለች። ፒኑ ሲወጣ ሞላው ተፈናጥሮ ስለሚጠፋ፣ መነጽር አድርገው ቀዳዳውን በአውራ ጣት ወይም በጨርቅ ሸፍነው ይሥሩ። ክፍሉን ሲገለብጡት ኳሷ ትወድቃለች፤ ካልወጣች ማግኔት ታወጣታለች። ከዚህ በኋላ አሮጌው ቁልፍ ወደ ጎን ተገፍቶ ይወጣል።

አዲሱን ቁልፍ ኳሷ የምታርፍባቸው ሁለት ስርጉዶች ወደ ላይ፣ ቀይ ቀለበቱ ደግሞ ወደ ቀኝ እንዲሆን አድርገው ያስገቡ። ኳሷን፣ ከዚያ ሞላውን ይጨምሩ፤ ሞላውን በቀጭን ዘንግ ጫን ብለው ይዘው ፒኑን ይመልሱ። ለዚህ ሦስተኛ እጅ ቢኖር መልካም ነበር፤ ክፍሉን በጨርቅ ጠቅልሎ በሞርሳ መያዝ ግን ብዙ ይረዳል። ቁልፉ ወዲያና ወዲህ ሲገፋ ቀጭ እያለ በሁለቱም ቦታ መቆም አለበት። መቺው እንደተቀባበለና ሴፍቲው እንደተቆለፈ የቃታውን ክፍል ወደ ቦታው መልሰው ሁለቱን ፒኖች ያስገቡ።

ከመግጠሙ ይልቅ ፍተሻው ይበልጥ ጊዜ ይገባዋል። ጠመንጃው ባዶ መሆኑን ዳግም አረጋግጠው፣ አቀባብለው፣ ሴፍቲውን ቆልፈው ቃታውን በኃይል ይሳቡ፤ መቺው መውደቅ የለበትም። ቃታውን ከለቀቁ በኋላ ሳይነኩት ሴፍቲውን ብቻ ይክፈቱ፤ አሁንም መቺው መውደቅ የለበትም። በመጨረሻ ቃታውን ሲስቡ ብቻ ይውደቅ። ይህንን ደጋግመው፣ ሰደፉን በእጅ መዳፍ እየመቱም ይሞክሩት። አንድ ጊዜ እንኳ የተዛነፈ ነገር ካዩ ጥይት ሳያጎርሱ ወደ ጠመንጃ ባለሙያ ይውሰዱት፤ በእነዚህ ትናንሽ ክፍሎች ላይ እጃቸውን ያላሟሹ ሰዎች ከመጀመሪያውም ሥራውን ለባለሙያ ቢሰጡ ይሻላል።

ሴፍቲው ቢለወጥም ቀለሁ የሚወጣው እንደበፊቱ በቀኝ በኩል፣ ማለትም በግራኝ ፊት አጠገብ ነውና ያለ መከላከያ መነጽር አይተኩሱ። በቤተሰብ ውስጥ ወይም በአደን ጓደኞች መካከል ያንኑ ጠመንጃ የሚይዝ ሰው ካለ፣ በሌላው 870 የተቆለፈ የሚመስለው አቀማመጥ በዚህኛው ክፍት ማለት መሆኑን ጠመንጃው በእጁ ከመግባቱ በፊት ይንገሩት።