የ3 ዶላር ካርድ በ5 ዶላር አይላክም

ልጄ ኮሌጅ ሲገባ አልጋው ስር ሁለት የጫማ ካርቶን ሙሉ የፖኬሞን ካርድ ጥሎልኝ ሄደ። «ማሚ፣ ኢቤይ ላይ ሽጪውና እንካፈላለን» አለኝ። እሺ አልኩ።

የመጀመሪያውን ካርድ በ3 ዶላር ሸጥኩ። «መላኪያ ነፃ» ብዬ ነበር፣ ቸርነቴ። ፖስታ ቤት ሄጄ መስኮቱ ላይ ስጠይቅ መላኪያው ከካርዱ ዋጋ በለጠ። ለሰፈር ልጅ ብሰጠው ይሻለኝ ነበር፣ ቢያንስ እናቱ ትመርቀኛለች።

ስለዚህ ካርዱን ለሽያጭ ከማውጣታችሁ በፊት በምን እንደምትልኩት ወስኑ። የሚወስነው ደግሞ ዋጋው ነው።

አሜሪካ ውስጥ ለሚላክ፣ እስከ 20 ዶላር ለሚያወጣ ካርድ፣ ኢቤይ በ2021 የጀመረው «ስታንዳርድ ኤንቨሎፕ» አለ። ተራ ፖስታ ነው፣ ግን ትራኪንግ አለው፣ የት እንደደረሰ ይታያል፣ ዋጋውም 1 ዶላር አካባቢ ነው። እስከ 3 አውንስ ይይዛል። ውፍረቱ ከሩብ ኢንች መብለጥ የለበትም፣ ማሽን ውስጥ ስለሚያልፍም ትንሽ መታጠፍ መቻል አለበት፤ ቶፕሎደር (ካርዱ የሚገባበት ጠንካራ ላስቲክ) ደራርቦ መጠቅጠቅ አይሆንም። አንድ ካርድ ከነማሸጊያው ብዙ ጊዜ ከ1 አውንስ አያልፍም፣ ቢሆንም ትንሽ የወጥ ቤት ሚዛን ግዙ፣ በግምት አትሂዱ።

አስተሻሸጉ እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ ስሷ ላስቲክ፣ ፔኒ ስሊቭ የሚሏት፣ ከዚያ ጠንካራው ቶፕሎደር፣ ከዚያ አፉን በሰማያዊው የቀለም ቀቢዎች ፕላስተር መዝጋት። በግልጹ ስኮች ከዘጋችሁት ገዢው ሲታገል ይውላል፣ ሙጫው ካርዱን ከነካው ደግሞ አለቀ። ቶፕሎደሩ ፖስታው ውስጥ ወዲያ ወዲህ እንዳይል ወፈር ባለ ወረቀት መሃል አጣብቁት።

ቴምብር ብቻ ለጥፌ ብልከውስ? ይቻላል። ግን ገዢው «አልደረሰኝም» ካለ ማስረጃ የላችሁም፣ ብሩን መመለስ ነው። እኔ አንዴ ደርሶብኛል፣ በቅቶኛል።

ከ20 ዶላር በላይ ከሆነ አትሰስቱ። ባብል ባለው ፖስታ በአሜሪካ ፖስታ ቤት (ዩኤስፒኤስ) «ግራውንድ አድቫንቴጅ» በሚባለው መላኪያ ላኩት፤ እስከ 100 ዶላር ኢንሹራንስ አብሮት አለ። ሌብሉን፣ ማለት ፖስታው ላይ የሚለጠፈውን የተከፈለበት የአድራሻ ወረቀት፣ ከኢቤይ ላይ ግዙ፣ ከፖስታ ቤቱ መስኮት ይረክሳል። ዋጋው በርቀት ይለያያል፣ ከሜሪላንድ ቨርጂኒያና ከሜሪላንድ ካሊፎርኒያ አንድ አይደለም፤ ስለዚህ አንድ ቁርጥ ዋጋ ከማስቀመጥ ኢቤይ ራሱ በገዢው አድራሻ እንዲያሰላ አድርጉ። ካርዱ 750 ዶላርና ከዚያ በላይ ከሆነ ደግሞ ያለ ፊርማ እንዳይሰጥ የሚለውን ምረጡ፣ አለዚያ «አልደረሰኝም» ሲመጣ ኢቤይ አይከላከልላችሁም።

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ። ኢቤይ ኮሚሽኑን የሚቆርጠው ከካርዱ ዋጋ ብቻ ሳይሆን መላኪያውም ታክሱም ተደምሮ ነው። 13 በመቶ ገደማ ነው፣ 10 ዶላር ለማይሞላ ትዕዛዝ 30 ሳንቲም ይጨመርበታል። የ3 ዶላር ካርድ በ5 ዶላር መላኪያ ብትሸጡ ከ8ቱ ዶላር 1.34 ይቆረጣል፣ 5ቱ ለፖስታ ይሄዳል፣ 1.66 ይቀራችኋል። ያንኑ ካርድ በ1 ዶላር መላኪያ ብትሸጡ ግን ኮሚሽንና ፖስታው ተከፍሎ 2 ዶላር ከምናምን ይተርፋል። ታክስና ማሸጊያ ሳይቆጠር ነው ይሄ። ገዢውም በግማሽ ዋጋ አገኘው።

አንድ ሰው አምስት ካርድ ሲገዛ አምስት መላኪያ አታስከፍሉት። ይሄ ሰው ያስቀይማል። ቅናሹን ቀድማችሁ ሴቲንግ ላይ አስተካክሉ፣ «ከመክፈልህ በፊት ጠብቀኝ» ብሎ መጻጻፍ አድካሚ ነው።

ከውጭ አገር ገዢ ሲመጣ በኢቤይ ኢንተርናሽናል ሺፒንግ በኩል ይሁን። እናንተ የምትልኩት አሜሪካ ውስጥ ላለው መጋዘናቸው ነው፣ የጉምሩኩን ጣጣ እነሱ ይጨርሱታል።

ልጄ ባለፈው ድርሻውን ጠየቀኝ። የቶፕሎደሩንና የፕላስተሩን ቀንሼ ሰጠሁት።