ትንሽ እስስት ልታሳድጉ ነው? እነዚህን ስህተቶች አትሥሩ

በቀደም ውጭ አገር የሚኖረው የአጎቴ ልጅ ማታ ደወለልኝና «አያ፣ እስስት ልገዛ ነው» አለኝ። ሳቄ መጣ። ደሴ አብረን ነው ያደግነው፤ አያታችን አጥር ላይ እስስት ባየች ቁጥር «አዑዙ ቢላህ» ብላ ነጠላዋን ሰብስባ ስትሸሽ አብረን ነው የሳቅነው። ቀጥሎ የተናገረው ግን አላሳቀኝም። «አታስብ፣ ትንሿን ዓይነት ነው የምወስደው፣ ስለዚህ ብዙ አታስቸግርም።»

እኔ ደግሞ አንዲት ትንሽ እስስት በገዛ እጄ የገደልኩ ሰው ነኝ። ስለዚህ ከዚህ በታች ካሉት ስህተቶች ግማሾቹ የራሴ ናቸው።

የመጀመሪያውና ትልቁ ስህተት ያው እሱ ያለው ነው፦ ትንሽ ከሆነች ትቀላለች ማለት። ተቃራኒው ነው። ሰውነቷ ትንሽ ስለሆነ ቶሎ ይደርቃል፣ ቶሎ ይሞቃል። ትልቅ እስስት በአንድ ቀን ስህተት ላትሞት ትችላለች፤ ጣት የምታህለዋ ግን ጠዋት ረስተሃት ወጥተህ ማታ ስትመለስ ልታጣት ትችላለህ። ምግቧም ያስቸግራል። የምትበላው ነፍሳት በሁለት ዓይኖቿ መካከል ካለው ስፋት መብለጥ የለበትም ይባላል፤ ለድንክ እስስት ይህ ማለት የፍራፍሬ ዝንብና ገና የተፈለፈለ ፌንጣ ነው። ያንን ከየት ታመጣለህ? በየሳምንቱ? ክረምት ከበጋ? እንስሳዋን ከመምረጥህ በፊት ይህን መልስ። ከሜዳ ለቅሜ እሰጣታለሁ የምትል ከሆነ ደግሞ እርሻው ፀረ ተባይ የተረጨበት እንዳይሆን።

ደግሞ ለቀለሟ ብለህ ከሆነ ቀድመህ እወቀው፦ ድንክ የሚባሉት አብዛኞቹ ቡናማ ናቸው። የታንዛኒያዋ ጢማም ድንክ እስስት ስምንት ሴንቲ ሜትር ገደማ ብትሆን ነው፣ ጫካ ውስጥ ከመሬት ብዙም ሳትርቅ ነው የምትኖረው፣ የደረቀ ቅጠል ነው የምትመስለው። ግማሹን ቀን የት እንዳለች ስትፈልግ ትውላለህ። እኔ ይሄ ደስ ይለኛል። ለእንግዳ ላሳይ ለሚል ሰው ግን አትሆንም። በ2021 እ.ኤ.አ. ከማዳጋስካር ለሳይንስ የተዋወቀችው ብሩኬሲያ ናና የምትባለዋማ ወንዱ ከነጭራው 22 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፣ የጣት ጫፍ ላይ ትቀመጣለች። ቲክቶክ ላይ ፎቶዋን አይቶ «እሷን ነው የምፈልገው» የሚል አይጠፋም። እሷን ተዋት፣ ጫካዋ ራሱ እየተመነጠረ ነው።

ሌላው ስህተት ጫጩትን ከትንሽ ዝርያ ጋር ማምታታት ነው። የአጎቴ ልጅ ፎቶ ላከልኝ፦ አረንጓዴ፣ የጣት ርዝመት ያላት፣ ስታያት የምታሳሳ። ጭንቅላቷ ላይ ትንሽ ቆብ የመሰለ ነገር ጀምሯል። ይቺ የየመኗ እስስት ናት፣ የመንና ሳዑዲ ውስጥ የምትኖረዋ። ወንዱ ሲያድግ ከነጭራው እስከ 60 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። ሴቷ ደግሞ ወንድ ባታገኝም እንቁላል ትይዛለች፤ ቆፍራ የምትጥልበት እርጥብ አሸዋ ካላዘጋጀህላት እንቁላሉ ውስጧ ቀርቶ ይገድላታል። ስለዚህ ሻጩን «ስንት ታህላለች?» ሳይሆን «ዝርያዋ ምንድን ነው? ስታድግ ስንት ትደርሳለች?» ብለህ ጠይቀው። የዝርያውን ስም የማይነግርህ ሻጭ ከሆነ ዞር በል።

እዚህ ወሎ ላለነው ደግሞ ስህተቱ ሌላ ነው፣ ሻጭ የለም፣ አጥር አለ። ከቁልቋል ላይ አንስቶ ወደ ቤት። አትሥሩት። አንደኛ፣ የዱር እንስሳ ያለፈቃድ መያዝ በሕግ የተከለከለ ነው፤ ፈቃዱን የሚመለከተው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ነው። ድንበር ማሻገርማ ሌላ ጣጣ ነው፣ የእስስት ንግድ ሳይተስ በሚባለው ዓለም አቀፍ የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ነው። ሁለተኛ፣ ከዱር የተያዘች እስስት ሆዷ ውስጥ ጥገኛ ትላትል አይጠፋም፤ አጥር ላይ ሆና ችላው የኖረችውን፣ ቤት ገብታ ስትጨነቅ ያሸንፋታል። ሦስተኛ፣ ከምሥራቅ አፍሪካ ደጋ እስስቶች ብዙዎቹ እንቁላል አይጥሉም፣ ይወልዳሉ፤ «ጠግባለች» ያልካት እርጉዝ ልትሆን ትችላለች።

ይህን ሁሉ የምለው ስለማውቀው ነው። አንድ ጊዜ ሥራ ኮምቦልቻ አግኝቼ ነበርና ከደሴው ጦሳ ተራራ ሥር አንዲት እስስት አንስቼ በካርቶን ይዣት ወረድኩ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ። በሐረጎ ጠመዝማዛ መንገድ መኪና ቢሮጥ አንድ ሰዓት አይሞላም፤ እኛ ጃኬት አውልቀን እንገባለን፣ እሷ ግን የምታወልቀው የላትም። የተከራየሁት ክፍል ጣራው ቆርቆሮ ነው፣ ኮርኒስ የለውም። መስታወት ማሰሮ ውስጥ አስቀመጥኳት፣ ውሃ በጠርሙስ ክዳን ሰጠኋት፣ ዝንብ ይዤ ጣልኩላት። በበነጋታው ቀለሟ ነጣ፣ አፏን ከፍታ ተቀመጠች። ለጓደኛዬ «እየለመደችኝ ነው፣ ትስቃለች» አልኩት! በሦስተኛው ቀን እነዚያ በየፊናቸው የሚዞሩት ዓይኖቿ ወደ ውስጥ ገቡ። በአራተኛው ጠዋት ከቅርንጫፉ ሥር ወድቃ አገኘኋት።

አሁን ሳስበው ሁሉንም ነግራኝ ነበር። አፍ መክፈቱ ሙቀት ነው። መንጣቱም ሙቀት ነው፣ ብርሃኑን ለመመለስ ነው። የዓይን መጎድጎድ ጥም ነው። የክዳኑን ውሃ ያልነካችው፣ እስስት አብዛኛውን ጊዜ የቆመ ውሃን ውሃ ብላ ስለማታውቀው ነው፤ ቅጠል ላይ የምታብረቀርቅ ጠብታ ነው የምትልሰው። ጠዋትና ማታ ቅጠሉን በመርጫ ማርጠብ ነበረብኝ። ስለዚህ ዝርያ ስትመርጥ መጀመሪያ የምትጠይቀው የት ከፍታ ላይ እንደምትኖር ነው። የደጋዋ ሌሊቱ ካልቀዘቀዘላት አታርፍም፣ ድንኳ ደግሞ ከ27 ዲግሪ በላይ አትችልም። እንደ ባቲ ያለ ሞቃት ቦታ ሆነህ የደጋ እስስት ካማረህ፣ ይቅርብህ።

ስለ ቀለም ካነሳን አይቀር፣ «እንደ እስስት ይቀያየራል» እያልን ስሟን እናጠፋለን እንጂ እሷ የምትቀየረው እኛን ለማታለል አይደለም። ከሙቀቱ፣ ከስሜቷና ከሌላ እስስት ጋር ካላት ነገር ነው። ቀይ ጨርቅ ላይ አስቀምጠህ ቀይ እስክትሆን አትጠብቅ። ስትይዛት ጠቆር ካለች ልቀቀኝ እያለችህ ነው። ለዚህ ነው እንደ ድመት ልዳብሳት የሚል ሰው እስስት መምረጥ የለበትም የምለው።

ብቻዋን ታሳዝናለች ብሎ ሁለት ማድረግም የተለመደ ነው። አብዛኞቹ ብቸኝነትን ይወዳሉ። ሁለት ወንድ አንድ ቤት ከገባ ይጣላል፣ መስታወት ውስጥ የራሷን ምስል አይታ የምትጨነቅም አለች።

ፀሐይን በተመለከተ መስኮት ሥር ማስቀመጥ አይበቃም። መስታወቱ ሙቀቱን ያስገባና አጥንቷ ካልሲየም እንዲይዝ የሚረዳውን ዩቪቢ የሚባለውን ጨረር ያስቀረዋል። ያ ሲጎድል አጥንቷ ይሳሳል፣ እግሯ ይጎብጣል፣ መንጋጋዋ ይለሰልሳል። ወይ የዩቪቢ መብራት፣ ወይ ጥላ ያለው የወንፊት ቤት ውስጥ ሆና የውጭ ፀሐይ። ነፍሳቱም ላይ የካልሲየም ዱቄት ነስነስ ማድረግ። የቁልቋል ቅርንጫፍ ቆርጣችሁ እንዳታስገቡላት ደግሞ፣ ወተቱ ዓይን ያቃጥላል።

ይህን ሁሉ ለአጎቴ ልጅ ስነግረው ዝም አለ። የመሰለኝ ተቀይሞ ነው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ቪዲዮ ላከ፦ የወንፊት ቤት፣ ውስጡ የተተከለ ተክል፣ ላይና ታች ሁለት ቴርሞሜትር፣ ቅጠሉ ላይ ጠብታ። እስስት የለችም። «አንድ ወር ባዶውን እየረጨሁ አየዋለሁ፣ ሙቀቱ ልክ ከሆነ ከዱር ያልተያዘች፣ ሰው ቤት የተፈለፈለች እፈልጋለሁ» አለ።

ቡና ተፈልቶ ሳለ ለአያታችን አሳየኋት። ስልኩን ራቅ አድርጋ ይዛ አየችው፣ ደግማ አየችው። «ባዶ ነው አይደል?» አለች። አዎ አልኳት። «አልሃምዱሊላህ» ብላ ሁለተኛውን ጀበና ጣደች።