ሁለት ሆነው ስንኝ ሲቋጥሩ የሚበላሹ ነገሮች

የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም፣ ኮሚናሉ (የነዋሪው የጋራ ቤት) ውስጥ፣ እሁድ ከሰዓት አምስት ስድስት ጎረቤታሞች ተሰብስበን ስንኝ እንቋጥራለን። አንዱ የመጀመሪያውን ስንኝ ይሰጣል፤ በቀኙ ያለው መጨረሻው የሚገጥም ስንኝ መልሶ ቤት ይመታለታል። ጨዋታው ይኸው ነው፤ የማናበላሸው ግን የለም።

ዋናው ስህተት ሰጪው ሐሳቡን ራሱ ጨርሶ ማስረከቡ ነው። «ትናንት ዝናብ ጥሎ መንገዱ ጨቀየ» ካለ በኋላ ለተቀባዩ ምን ቀረው? «ትናንት ዝናብ ጥሎ ያ አዲሱ ጫማዬ» ቢል ግን፣ ጫማው ምን እንደሆነ ለመስማት ጆሮ ይቆማል።

ሁለተኛው ግስ ላይ መንጠልጠል ነው። አማርኛ ግሱን መጨረሻ ስለሚያደርግ «በልቶ፣ ጠጥቶ፣ መጥቶ» እያሉ እስኪነጋ ቤት መምታት ይቻላል። ስለዚህ ከሦስት ዙር አንዱ በስም ይለቅ ብለን ደነገግን። በዚያው ቀን አንዱ፦

«ሚኒባሱ ቆሟል ሁለት ሳምንት ጋራዥ፣»

ብሎ ጣለብን። «ዥ»! ከ«ማሳዥ» ሌላ የመጣልን የለም፤ እሱንም ማን ደፍሮ ይበል። ጥግ የተቀመጡት ጋሼ ሳቅ ብለው፦

«ሹፌሩም ሆነልን የዕድሩ ገንዘብ ያዥ።»

ከዚያማ አዛዡ፣ ተጓዡ ጎረፈ።

ቤትን በዓይን የሚፈልጉም አሉ። «ዝናብ» እና «ልብ» ሁለቱም በ«ብ» ስላለቁ ቤት መቱ ማለት አይደለም። መድረሻው እንደ «ብ» ሳድስ (ስድስተኛው ፊደል) ሲሆን ከፊቱ ያለው ድምፅም መግጠም አለበት፤ «ዝናብ» ከ«ረሃብ» ጋር እንደሚሄደው። «ጣፎ» እና «አልፎ» ግን መድረሻቸው ሳድስ ስላልሆነ «ፎ» ብቻ ይበቃቸዋል።

በስንኙ ልክ ሳይስማሙ መጀመርም አለ። የወል ቤት የሚባለው የግጥም ልክ 6 ቀለም (ሲነገር በአንድ ምት የሚወጣ ድምፅ)፣ ትንፋሽ፣ እንደገና 6 ቀለም ነው፤ ሰንጎ መገን የሚባለው ደግሞ 5 በ5። አንዱ በወል ቤት ሰጥቶ ሌላው በሰንጎ መገን ከመለሰ አንድ እግሩ እንዳጠረ በርጩማ ይሆናል። ደግሞ የሚቆጠረው ፊደል አይደለም፤ «ሳምንት» ሲጻፍ 4 ፊደል፣ ሲነገር 2 ቀለም ነው። እኛ ጠረጴዛ እየመታን እንቆጥራለን።

ሰምና ወርቅ ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ የሚለውን ሰው ቡና አቅርባችሁ አስታግሱት።

የሰውን ስንኝ ማረም ግን ቀልድ አይደለም። አዝማሪ ቤት «ተቀበል!» ሲባል አዝማሪው የተሰጠውን ተቀብሎ ያዜማል እንጂ «ይቺ ቃል ብትቀየር» አይልም። እኔ አልኩ። የአንዲት ጎረቤቴን ቃል ቀየርኩባት፤ ሁለት እሁድ ጀበናዋን ይዛ መጣች፣ ስንኝ ግን አልሰጠችም። በሦስተኛው ከግራዬ ተቀምጣ፦

«ጎረቤቴ መጣ መቀሱን አንግቦ፣»

አለችኝ። እስካሁን ቤት አልመታሁላትም።