የዓምድ ስም ሲቀየር የሚቋረጠውን የኤርቴብል ግንኙነት በውስጥ መለያ እንዴት እንዳስተካከልኩት

መረጃ በኢንተርኔት ላይ በሰንጠረዥ ከሚያዝበት አገልግሎት፣ ከኤርቴብል፣ መረጃ እየሳበ ሪፖርት የሚያዘጋጀው ፕሮግራማችን በድንገት መሥራት ያቆመው፣ አንድ የሥራ ባልደረባ የአንዱን ዓምድ ስም ግልጽ ለማድረግ ብሎ በለወጠው ጊዜ ነበር። ፕሮግራሙ ዓምዱን የሚፈልገው በስሙ ስለነበረ አዲሱን ሊያውቀው አልቻለም። ባልደረባዬ ያደረገው ግን ተገቢ ነው፤ ስም ለሰው እንዲመች ሊታረም ይገባዋልና።

መፍትሔው ስሙን ትቶ ኤርቴብል ለእያንዳንዱ ነገር የሚሰጠውን፣ ስም ቢቀየርም የማይለወጠውን የውስጥ መለያ መጠቀም ነው። ሰንጠረዡ በብሮውዘር ሲከፈት በአድራሻው ላይ በእዝባር የተለዩ ኮዶች ይታያሉ፤ በ«ኤ-ፒ-ፒ» የሚጀምረው የቤዙ (ሰንጠረዦቹን የያዘው የመረጃ ቋት)፣ በ«ቲ-ቢ-ኤል» የሚጀምረው የሰንጠረዡ፣ በ«ቪ-አይ-ደብልዩ» የሚጀምረው ደግሞ የእይታው (ሰንጠረዡ የሚታይበት አቀራረብ) መለያ ነው። የዓምዱ መለያ ግን፣ እኔን የቸገረኝም እሱ ነው፣ በአድራሻው ላይ አይገኝም። ያገኘሁት ለዚያ ቤዝ በተዘጋጀው የኤፒአይ (ፕሮግራሞች ከኤርቴብል መረጃ የሚጠይቁበት መንገድ) መመሪያ ውስጥ ሲሆን፣ እዚያ እያንዳንዱ ዓምድ በ«ኤፍ-ኤል-ዲ» የሚጀምር ኮድ ተጽፎለታል። ኮዱ ትልቅና ትንሽ ፊደል ስለሚለይ በእጅ ከመጻፍ ይልቅ መቅዳት ይሻላል።

ይህን መተካት ብቻውን አልበቃም። ኤፒአዩ ካልታዘዘ በቀር በምላሹ ዓምዶቹን የሚጠራው በስማቸው ስለሆነ፣ ምላሹ በዓምድ መለያ እንዲመጣ የሚያደርገውን አማራጭ በጥያቄው ላይ ጨመርኩ። ኮዶቹንም የየትኛው ዓምድ እንደሆኑ ከሚገልጽ ማስታወሻ ጋር በአንድ ፋይል አሰባሰብኩ፤ ኮድ ብቻውን ለሚቀጥለው አንባቢ ምንም አይነግረውም። ከዚያም የዓምዱን ስም ለሙከራ ደግሜ ስለውጥ ሪፖርቱ ሳይቋረጥ ወጣ። ዓምዱ ተሰርዞ እንደ አዲስ ከተፈጠረ ግን ሌላ መለያ ስለሚያገኝ ፋይሉን ማደስ ያስፈልጋል።