የጎንደር ፒያሳን ፖስታ ቤት ውስጡን ለማየት

ወደ ጎንደር የሚመጣ እንግዳ አብዛኛውን ጊዜ ፋሲል ግቢን አይቶ ይመለሳል፤ ከዚያ ብዙም ሳይርቅ ፒያሳ ላይ የቆመው ፖስታ ቤት ግን፣ ጣሊያኖች ከ1928 እስከ 1934 ዓ.ም. ከተማዋን በያዙበት ዘመን ካሠሯቸው ዘመናዊ ሕንፃዎች አንዱ በመሆኑ፣ በውጭ ብቻ ታይቶ የሚታለፍ አይደለም። የዚያን ጊዜውን የከተማዋን ማስተር ፕላን የነደፈው አርክቴክቱ ጌራርዶ ቦዚዮ ነበር።

ሕንፃው ሙዚየም ሳይሆን አገልግሎት የሚሰጥበት መሥሪያ ቤት ስለሆነ፣ መግባት የሚቻለው በሥራ ሰዓት ነው። ማለዳ መሄድ ይመረጣል፤ ዓርብ ከሆነ የምሳ ዕረፍቱ በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ረዘም እንደሚል አይዘንጉ። «ልጎብኝ» ብሎ ከመጠየቅ ይልቅ ቴምብር ገዝቶ ወደ ዘመድ ደብዳቤ መላክ፣ በእኔ አስተያየት፣ የተሻለው መንገድ ነው፤ ተራ እየጠበቁ ብርሃኑ በየት በኩል እንደሚገባና ወለሉ ከግድግዳው ጋር እንዴት እንደሚገናኝ ረጋ ብሎ ለማስተዋል ጊዜ ይገኛልና። ፎቶግራፍ ለማንሳት አስቀድመው ኃላፊውን ያስፈቅዱ፤ ባለጉዳዮችንም ያለፈቃዳቸው አያንሱ። ሲወጡ አደባባዩን ተሻግረው የፊት ገጹን ከርቀት ይመልከቱት።