የስዕለ አድኅኖ ሳጥን ስትሠሩ ልትጠነቀቁባቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሁለት ትንንሽ በር ያላት፣ ውስጧ ስዕለ አድኅኖ፣ ማለትም እንደ እመቤታችን ስዕል ያለ ለጸሎት የሚሆን ቅዱስ ስዕል ያለባት፣ ዳር ዳሯ በጥለትና በዶቃ ያጌጠች የእንጨት ሳጥን ቤት ውስጥ መሥራት ይቻላል። ጥበቡም ቢሆን ባዕድ አይደለም። ስድስት ኪሎ የሚገኘውን የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም የጎበኘ ሰው ተከፍተው የሚዘጉ ጥንታዊ የእንጨት ስዕሎችን አይቷል። ከነዚህ ውስጥ አንገት ላይ የሚንጠለጠሉ ትንንሾችም አሉ።

እንዲህ ያለ ሳጥን ሲበላሽ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የእጅ አይደለም። ሳጥኑ ለስዕሉ መሆኑ ይረሳል። ጌጡ ይበዛል፣ የሥራው ቅደም ተከተል ይፋለሳል፣ መጨረሻ ላይ ስዕሉ የተረፈችው ቦታ ውስጥ ይወሸቃል።

ሳጥኑን ከስዕሉ በፊት ማዘጋጀት

ገበያ ላይ ደስ የምትል ሳጥን አይቶ መግዛት፣ ከዚያ በልኳ ስዕል መፈለግ የተለመደ ነው። ስዕሉ አይገጥምም። ስለዚህ በመቀስ ይከረከማል፤ አንዳንዴ የመላእክቱ ክንፍ፣ አንዳንዴም የእመቤታችን እጅ ይቆረጣል። ይሄ ለዓይንም ለኅሊናም አይመችም።

መጀመሪያ ስዕሉን ምረጡ። 10 በ15 ሳንቲሜትር ከሆነ የሳጥኑ ውስጥ 13 በ18 ቢሆን ዙሪያውን ለጥለት የሚበቃ ቦታ ይተርፋል። ጥልቀቱም ከ4 ሳንቲሜትር ብዙ ባይበልጥ ይሻላል። ጥልቅ ሳጥን ግድግዳ ላይ ሲሰቀል ከላይ የሚመጣው የመብራት ጥላ የስዕሉን ፊት ይሸፍነዋል። ዓይን መጀመሪያ የሚያርፈው ደግሞ ፊቱ ላይ ነው።

ስዕሉን ከስልክ አውጥታችሁ የምታሳትሙ ከሆነ ጥራቱን ተመልከቱ። ለ10 በ15 ህትመት ቢያንስ 1200 በ1800 ገደማ ፒክስል ያስፈልጋል። በቴሌግራም ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር የከረመ ምስል ስልክ ላይ ቢያምርም ወረቀት ላይ ይደበዝዛል።

የስዕሉ ዓይነትም ይታሰብበት። በእኛ ሥርዓት የቅዱሳን ሁለት ዓይናቸው ይታያል፤ በጎን ተስሎ አንድ ዓይን ብቻ የሚታየው ክፉው ነው። ከኢንተርኔት ያገኙትን የአውሮፓ ስዕል ሁሉ ከማስገባት የቤተ ክርስቲያንን ትውፊት የጠበቀውን መፈለግ፣ ካላወቁም የንስሐ አባትን መጠየቅ ነው።

ታቦት ማስመሰል

ይሄ አጭር ነው፤ ግን ቀልድ የለውም። ታቦት በጳጳስ ይባረካል፣ በመንበሩ ላይ ያርፋል፣ ከካህናት በቀር የሚነካው የለም። የቤት ሳጥን በመንበር ቅርጽ መሥራት፣ በታቦት ልብስ ዓይነት ጨርቅ መሸፈን፣ ላዩ ላይ የታቦት ስም መጻፍ አያስፈልግም። የእናንተ ሳጥን የስዕል ማኖሪያ ነው፤ ይኸው ይበቃዋል።

ዋናውን ፎቶና ብራናን መቁረጥ

የአያት ትዝታ ሳጥኑ ውስጥ ይግባ የሚል ሰው አለ። የአያት መቁጠሪያ ወይም የነጠላቸው ጥለት ቢገባ ደስ ይላል። የሞተ ዘመድን ፎቶ ግን ከስዕለ አድኅኖው ጎን መለጠፍ እኔ አልመክርም። ለፎቶው ሌላ ሳጥን ሥሩለት፤ እሱም ያምርበታል። የትኛውም ሳጥን ውስጥ ቢገባ ደግሞ ኮፒ አሠርታችሁ ኮፒውን ለጥፉ። አንዴ ኮላ የነካው አሮጌ ፎቶ በደህና አይላቀቅም።

ከዚህ የባሰው የብራና ነገር ነው። ከአሮጌ መጽሐፍ የተገነጠሉ ቅጠሎች ለቱሪስት ሲሸጡ ታይተዋል። ለማስጌጫ ብሎ እነሱን መግዛት ሌላ መጽሐፍ እንዲገነጠል ገንዘብ መስጠት ነው። ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትም በሕግ የተከለከለ ነው። የግእዝ ጽሑፍ ከፈለጋችሁ በወፍራም ወረቀት ላይ በቀይና በጥቁር ቀለም አጽፉ።

ባገኙት ኮላ መለጠፍ

ብዙ ሥራ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ቤት ውስጥ ባለው የቀለም ማተሚያ የወጣ ምስል ውሃ ያለበት ነጭ ኮላ ሲነካው ቀለሙ ሊፈስ ይችላል። በሌዘር የታተመ ግን ይችለዋል። ማተሚያ ቤት ስትሄዱ "ሌዘር ነው ወይ?" ብላችሁ ጠይቁ።

ነጭ ኮላ በወፍራሙ ከተቀባ ወረቀቱ ይረጥብና ይሸበሸባል። በደረቅ ቡሩሽ ስስ አድርጋችሁ እንጨቱን ቀቡ፤ ስዕሉን ከመሃል ጀምራችሁ ወደ ዳር በጨርቅ ደባብሱት። ከዚያ በላዩ ንጹሕ ወረቀት አንጥፋችሁ ከባድ መጽሐፍ ጫኑበትና እስከ ማግስቱ አትንኩት። ላሚኔት የተደረገ ስዕል ደግሞ መብራት ሲያርፍበት ያንጸባርቅና ራሳችሁን እንጂ ስዕሉን አታዩበትም።

ሱፐር ግሉ ለዶቃ ይመቻል። ችግሩ ጢሱ ነው። ሳጥኑን በሱፐር ግሉ አጣብቃችሁ ወዲያው በሩን ብትዘጉት፣ በማግስቱ መስታወቱና ጥቁሩ ቀለም ላይ አመዳይ የመሰለ ነጭ ነገር ታገኛላችሁ። በሩን ከፍታችሁ፣ መስኮት አጠገብ አድርጋችሁ፣ ጠብታውን አሳንሳችሁ ሥሩ።

ጥለትን በመቀስ ቆርጦ ወዲያው መለጠፍም አይሆንም። ሽመናው ስለሚላላ ክሩ ይመዘዛል፤ ሁለት ቀን ሳይሞላ ዳሩ ይንጨባረራል። ጨርቁን ገልብጡት፤ የምትቆርጡበትን መስመር ውሃ በነካው ኮላ ስስ አድርጋችሁ ቀቡና አድርቁት። ደርቆ ካርቶን ሲመስል በስለታም መቀስ አንዴ ቁረጡት። ቀይ ጥለት ከሆነ ከዚያ በፊት በእርጥብ ነጭ ጨርቅ ሸት አድርጋችሁ ሞክሩት። ነጩ ጨርቅ ከቀላ ያ ጥለት ከእርጥብ ኮላ ጋር አይስማማም። በመርፌ ሰፍታችሁ ወይም በሁለት ፊት ፕላስተር ያዙት።

ያልተዘጋጀ እንጨት መቀባት

ጥሬ እንጨት ቀለም ይጠጣል። ሦስቴ ብትቀቡትም ያው ዥጉርጉር ነው። የጥንቶቹ ሠዓሊዎች ይሄን ያውቁ ነበር። በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን የነበረው ፍሬ ጽዮንም ሆነ ከሱ በኋላ የመጡት የሚስሉት በእንጨት ገበታ ላይ ነው፤ ገበታው መጀመሪያ በነጭ ጀሶ ይለሰን ነበር። እናንተም ጀሶን ከነጭ ኮላና ከውሃ ጋር ቀጠን አድርጋችሁ በጥብጡና ሁለቴ ቀቡ። ሲደርቅ በለስላሳ ብርጭቆ ወረቀት አለስልሱት። ጀሶ ቶሎ ስለሚጠነክር ለአንድ ጊዜ የሚበቃችሁን ብቻ በጥብጡ።

አንድ ወገን ብቻ መቀባትም ዋጋ ያስከፍላል። ስስ ጣውላ ከፊት በኩል ብቻ ሲረጥብ ይጎብጣል። የበሩን ፊትም ጀርባም ቀቡ። በዘይት ቀለም ላይ ፕላስቲክ ቀለም አትደርቡ፤ አይዝም፣ ይላጣል። ቀለሙ ሲነካ ደርቋል ማለት በሩ ይዘጋል ማለት አይደለም። አዲስ የተቀባ በር ከሳጥኑ ከንፈር ጋር ይጣበቅና በኃይል ሲከፈት ቀለሙን ይዞ ይመጣል። ለጥቂት ቀናት ተከፍቶ ይቀመጥ። በሩና ሳጥኑ መካከል ደግሞ ከመጀመሪያው ሁለት ሚሊሜትር ክፍተት ተዉ፤ ቀለም ራሱ ውፍረት አለው።

በሩን መጨረሻ ላይ መግጠም

ጌጡ ሁሉ ተለጥፎ ካለቀ በኋላ ማጠፊያ ሊገጥሙ ሲሉ ዶቃው ይረግፋል፣ ጣውላውም ይሰነጠቃል። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፤ በሩን በጥሬው ግጠሙ፣ መክፈትና መዝጋቱን ሞክሩ፣ ፈቱት፣ ቀቡት፣ አስጊጡት፣ መልሳችሁ ግጠሙት። ሚስማር ከመምታታችሁ በፊት በቀጭን መሰርሰሪያ ቀዳዳ አበጁለት። 6 ሚሊሜትር ውፍረት ላለው በር 10 ሚሊሜትር ብሎን ስትሰጡት በወዲያኛው በኩል ብቅ ይላል፤ መደብር ውስጥ ሆናችሁ በማስመሪያ ለኩት።

ትንሽ ማጠፊያ ካጣችሁ አትጨነቁ። የድሮዎቹ ስዕሎች ገበታቸው ዳር ላይ ቀዳዳ ተበጅቶለት በክር የታሰሩ ናቸው። በሰም የታሸ ወፍራም ክር ዛሬም ይሠራል። እንዲያውም ከብረቱ ይልቅ ያምራል።

መጋረጃ የምታደርጉ ከሆነ ዘንጉን የሳጥኑን ጣሪያ ከማጣበቃችሁ በፊት ግጠሙት። የመጋረጃው ጫፍ የበሩ ከንፈር ላይ እንዳይደርስ አንድ ሳንቲሜትር አሳጥሩት፤ አለበለዚያ በሩ በተዘጋ ቁጥር ይነክሰዋል።

የሳጥኑን ጀርባ ደግሞ በኮላ አትዝጉት፤ በአራት ትንንሽ ብሎን ይያዝ። ነገ ስዕሉን መቀየር ወይም የወደቀ ዶቃ መመለስ ብትፈልጉ ሳጥኑን መስበር አይኖርባችሁም።

ያለውን ጌጥ ሁሉ ማስገባት

የፕላስቲክ አበባ፣ ዶቃ፣ ብልጭልጭ፣ ብልጭ ድርግም የሚል መብራት፣ ትንሽ መስቀል፣ የኢየሩሳሌም ሻማ፣ ሁሉም በአንድ ሳጥን! የገና ዛፍ እንጂ የጸሎት ቦታ አይመስልም። የእመቤታችን ስዕል ራሱ ሰማያዊ፣ ቀይና ቢጫ ይዞ ነው የሚመጣው። ከሦስቱ አንዱን መርጣችሁ ለሳጥኑ ውስጥ ስጡት፤ ወርቃማውን ለጠርዝ ብቻ አስቀሩት። ብልጭ ድርግም የሚለውን ግን ተዉት።

እሳት ማስጠጋት

ጧፍ ሳጥኑ ውስጥ አይበራም። እንጨት፣ ጨርቅ፣ ኮላና ቫርኒሽ ባንድ ላይ ያሉበት ቦታ ነው። እሳት ባይነሳ እንኳ ጥላሸቱ በጥቂት ሳምንታት የስዕሉን ላይኛ ክፍል ያጠቁረዋል። ጧፉ ከፊት፣ ራቅ ብሎ፣ አሸዋ ባለበት ሸክላ ላይ ይቁም፤ ከላዩ መደርደሪያም መጋረጃም አይኑር። ተኝታችሁ የሚበራ ብርሃን ከፈለጋችሁ በባትሪ የሚሠራ አለ። ውጭ አገር አፓርታማ ውስጥ የምትኖሩ ደግሞ ዕጣን ስታጨሱ የጢስ ጠቋሚው እንደሚጮህ ሳትነገሩ ታውቁታላችሁ።

ቦታውን ሳያዩ መስቀል

የምንጸልየው ወደ ምሥራቅ ዞረን ስለሆነ ሳጥኑ ብዙ ጊዜ በምሥራቁ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ያን ጊዜ ሳጥኑ ራሱ ፊቱን ወደ ምዕራብ ያዞራል ማለት ነው። ከፊት ለፊቱ ምዕራብ የሚያይ መስኮት ካለ የከሰዓት ፀሐይ በቀጥታ ይገባበታል፤ ህትመቱም ይነጣል፣ ቀዩ መጀመሪያ ይጠፋል። ወይ መስኮቱን ጋርዱት፣ ወይ ከሰዓት በሩን ዝጉት። በሩ ጌጥ ብቻ አይደለም። በሰው ቤት እየሠሩ ለሚኖሩ፣ ክፍል ለሚጋሩ፣ ዛሬ እዚህ ነገ እዚያ ለሚሉ እህቶች ተዘግታ ሻንጣ ውስጥ የምትገባ ሳጥን ከትልቅ ፍሬም ትሻላለች።

ከማብሰያው ጀርባ ባለ ግድግዳ ላይ አትስቀሉት፤ የወጥ እንፋሎትና ቅባት ጥለቱን ያከስለዋል። ለብሎኬት ግድግዳ ሚስማር ብቻ አይበቃም፤ በድሪል ተበስቶ ፊሸር (ብሎን የሚይዝ ፕላስቲክ) ይግባለት። ከመስቀላችሁ በፊት ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ወስዳችሁ አስባርኩት። ስትወስዱት በሩን በክር እሰሩት፤ ታክሲ ውስጥ ይከፈታል።