ክረምት ሲገባ የሚብስ ቁርጥማት፦ ችግሩና መፍትሄው

እናቴ ሰማዩ ሳይደምን ጉልበቷን ማሸት ትጀምራለች። «ዛሬ ይዘንባል» ትላለች፤ ብዙ ጊዜም ይዘንባል።

ጠዋት ጉልበት አልታጠፍ ይላል፣ ትንሽ ሲራመዱ ግን ይለቃል

ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ከለቀቀ፣ በተለይ ዕድሜው ለገፋ ሰው፣ ብዙ ጊዜ መነሻው የመገጣጠሚያው ልም አጥንት መሳሳት ነው። እርጥበቱ ይህን በሽታ አያመጣም። ያለውን ሕመም ግን ሊቀሰቅስ ይችላል። በእንግሊዝ 2,658 ሰዎች ሕመማቸውን በየቀኑ በስልክ የመዘገቡበት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2019 ታትሟል። እርጥበት ሲጨምርና የአየር ግፊት ሲቀንስ ሕመሙ በመጠኑ እንደሚብስ አሳይቷል። ከዝናብ ጋር ምንም ግንኙነት ያላገኙ ጥናቶችም አሉ።

እኔ ግን ከዝናቡ ይልቅ መቀመጡን እፈራለሁ። ሐምሌና ነሐሴ ጋቢ ደርበን ቀኑን ሙሉ ቁጭ እንላለን። ያልተንቀሳቀሰ መገጣጠሚያ ይደርቃል፣ ጡንቻውም ይደክማል። ስለዚህ ከአልጋ ሳይወርዱ ጉልበትን አሥር ጊዜ ማጠፍና መዘርጋት፣ በሙቅ ውሃ የተነከረ ፎጣ ማድረግ፣ በየሰዓቱ ተነስቶ ቤት ውስጥም ቢሆን ወዲያ ወዲህ ማለት ይረዳል።

መኝታውንም እዩት። አምና የእናቴን ፍራሽ ስንገለብጠው በግድግዳው በኩል ያለው ጎን ረጥቦ ሻግቷል። አልጋውን ከግድግዳው አንድ ክንድ አራቅነው። ፀሐይ ብልጭ ባለች ቁጥር ፍራሹንም ብርድ ልብሱንም እናሰጣለን። ጉልበቷ አልዳነም፤ ሌሊቱን ግን በብርድ ሳትኮማተር ታድራለች። ቤት ለማሞቅ ብላችሁ ግን በርና መስኮት ዘግታችሁ ከሰል አታንድዱ፤ ጭሱ ባይታይም ይገድላል።

ማስታገሻም ዝም ብሎ አይዋጥም። ዲክሎፌናክ ሲደጋገም ጨጓራና ኩላሊት ይጎዳል፣ ደም ግፊት ይጨምራል።

ጠዋት መገጣጠሚያው አልታጠፍ ብሎ ከአንድ ሰዓት በላይ ይቆያል፣ የሁለቱም እጅ ጣቶች ያብጣሉ

ይህ ሩማቶይድ አርትራይተስ ሊሆን ይችላል። የሰውነት መከላከያ የራሱን መገጣጠሚያ ሲያጠቃ የሚመጣ ነው። መድኃኒቱ ቶሎ ከተጀመረ መገጣጠሚያው እንዳይበላሽ ይረዳል፤ ክረምቱ እስኪወጣ አትጠብቁ።

የእግር አውራ ጣት ሌሊት ድንገት ይቀላል፣ አንሶላ ሲነካው እንኳ ያቃጥላል

ሪህ ነው ብላችሁ ጠርጥሩ። ምክንያቱ በደም ውስጥ የሚበዛ ዩሪክ አሲድ የሚባል ንጥረ ነገር ነው። ሥጋና ቢራ ቀንሱ፣ ተመርመሩ።

ልጅ ጉሮሮውን ካመመው ከሁለት ወይም ከሦስት ሳምንት በኋላ ትኩሳት ይይዘዋል፣ ሕመሙም ከጉልበት ወደ ቁርጭምጭሚት ይዞራል

እባካችሁ «ብርድ መትቶት ነው» ብላችሁ አትለፉት። የሩማቲክ ትኩሳት ሊሆን ይችላል። የመገጣጠሚያው ሕመም በራሱ ጊዜ ይጠፋል፤ የልብ ቫልቭ (ደም የሚያሳልፈው የልብ በር) ላይ የሚተወው ጉዳት ግን ዕድሜ ልክ ሊቆይ ይችላል። በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ውሰዱት። በሽታው ከተረጋገጠ በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ የፔኒሲሊን መርፌ ይታዘዝለታል። ልጁ ድኖ ቢሮጥም፣ ክረምቱ ቢወጣም፣ ሐኪሙ «አቁሙ» እስኪል መርፌው አይቋረጥም።